ኮረሪማ ያደረቀው ኮምፒውተር

ያገለገለ ኮምፒውተር መሸጥ ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ከእናንተ ጋር ነበርኩ። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ትለጥፋላችሁ፣ አንዱ ይደውላል፣ መጥቶ አይቶ ተከራክሮ ይዞላችሁ ይሄዳል። ምናልባት አዲስ አበባ እንደዚያ ይሆናል። እኔ ያለሁት ሚዛን ተፈሪ ነው። ስለ ቡና ጠይቁኝ፣ ስለ ሞተር ሳይክል ጠይቁኝ፣ ገዢውን ከነደላላው ያለበት ድረስ ወስጄ አሳያችኋለሁ። የጌም ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው የት እንደሚቆም ግን የነገረኝ የለም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ላውራችሁ። ስለሱ ሳወራ ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ታገሡኝ። ተሠርቶ ያለቀ ገዝቼ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዷን ነገር ለየብቻ ለቃቅሜ በገዛ እጄ የገጣጠምኩት ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ደመወዜን የምታውቁ "በምን አቅምህ?" ማለታችሁ አይቀርም። በምን አቅሜ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሁሉ የሚገጠምበትን፣ ጎኑ መስታወት የሆነውን ሳጥን ጅማ አገኘሁት። ግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን ቁልጭ አድርጎ የሚያወጣው ዋናው ክፍል፣ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ በነበረ ባልደረባዬ ሻንጣ ውስጥ በሹራብ ተጠቅልሎ መጣ። ሞኒተሩን ራሴ ነኝ ከጅማ ያመጣሁት፤ እሱም ወንበር ተቆርጦለት ነው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከማዳበሪያው ጋር አስረው እንዳይሰብሩብኝ ፈርቼ ለረዳቱ የሙሉ ሰው ከፈልኩና በመስኮት በኩል አስቀመጥኩት። ቦንጋ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተሳፈረች። ባዶ ወንበር የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ሞኒተሩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ምን ላድርግ፣ ተነሥቼ የራሴን ወንበር ለቀቅኩላት። ሚዛን እስክንገባ እኔ ቆሜ፣ እሱ ተቀምጦ በመስኮት ጫካውን እያየ መጣን።

እንግዲህ ይህን ዕቃ ነው የምሸጠው። ለምን? በባለቤቴ ምክንያት።

ባለቤቴ መሲ ልብስ ሰፊ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ተቀጥራ ትሰፋ ነበር። አሠሪዋ ማሽኖቿን ጭና ወደ ማጂ፣ ዘመዶቿ ዘንድ ስትሄድ መሲ ሥራ ፈታች። በዚያው ሰሞን የአከራያችን የእትዬ ማርታ በረንዳ ተለቀቀ። መንገድ ዳር ነው፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ በፊቱ ያልፋል። እትዬ ማርታ መሲን ጠርተው፣ "የራስሽን ስፌት ማሽን ካመጣሽ በረንዳው ያንቺ ነው" አሏት። "ግን ከሸዋ ቤንች የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ቀን በቀን እየመጣ ይለምነኛል። ወሩ እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ባዶ ላስቀምጠው አልችልም፣ እኔም የምኖረው በሱ ነው።" ሐቃቸውን ነው። መሲ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜትር ይዛ በረንዳውን ትለካለች፤ ማሽኑ እዚህ፣ መደርደሪያው እዚያ እያለች። ማሽኑ ግን የለም።

መሲ "ሽጠው" ብላኝ አታውቅም። ብትለኝማ እሟገታት ነበር። እሷ ያደረገችው በኮምፒውተሩ ዙሪያ ቀስ እያለች መጥረግ ነው። ትጠርጋለች፣ ቆም ትላለች፣ ታየዋለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትጠርጋለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ አላስችል አለኝና "በቃ እሸጠዋለሁ" አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ተው እንጂ፣ ስንት የለፋህበትን" ትለኛለች ብዬ ነው። እሷ ግን "እግዜር ይስጥህ" አለችና በራሷ በኩል የነበረውን ወጥ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ወጥ ከተገፋ በኋላ ደግሞ ወዴት ይኬዳል።

ያለ ደላላ ስለማይሆን ጋሽ ከድርን ጠራኋቸው። ጋሽ ከድር ቤት ያሻሽጣሉ፣ ሞተር ያሻሽጣሉ፣ የቡና ማሳ ያሻሽጣሉ፣ በሬም ከመጣ አይመልሱም። መጥተው ኮምፒውተሩን ዞር ዞር እያሉ አዩት። ጎንበስ ብለው ከሥሩም ተመለከቱ፤ የሚንጠባጠብ ዘይት ፈልገው ይመስለኛል።

"ሊብሬ አለው?" አሉኝ።

"ጋሽ ከድር፣ መኪና እኮ አይደለም።"

"ደረሰኙስ በማን ስም ነው?"

"አንድ ደረሰኝ የለውም። ዕቃውን ለየብቻ ነው የገዛሁት። ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት።"

ጋሽ ከድር ወደ በሩ ዞረው ሰው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማኝ ልጄ። ይቺን ቃል ለእኔ ተናግረሃል፣ እዚሁ ትቅር።"

ላስረዳቸው ሞከርኩ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ክብሩ መገጣጠሙ ላይ ነው፣ የሚያውቅ ሰው የሚፈልገው እንዲያውም ይሄንኑ ነው አልኳቸው። ዕድሜያቸውን ሞተር ሳይክል ሲያሻሽጡ ለኖሩ ሰው ግን "የተገጣጠመ" ማለት ከተሰባበሩ ሞተሮች መካከል ተለቅሞ የቆመ ማለት ነው። "እሺ፣ እሺ" ብለው ወጡና ለከተማው ሁሉ "አንድ መምህር ብቻ የያዘው፣ ፓርቱ ያልተነካ፣ ረጅም መንገድ ያልሄደ ማሽን አለኝ" ብለው አወሩ። በማግስቱ አንድ ሰውዬ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩን አሳየሁት። ዙሪያውን ካየው በኋላ "የት ይቀመጡበታል?" አለኝ። ወንበሩን አሳየሁት። አመስግኖኝ ሄደ።

ቀጥሎ የመጡት የሆቴል ባለቤት ናቸው። እሳቸው ሞኒተሩን ወደዱት፤ ኳስ ሊያሳዩበት ነው። ሳጥኑን ግን እግራቸው ወደ ቆመበት እንኳን ሊያስጠጉት አልፈለጉም። "ኳሱ የሚታየው በዚህ አይደል፣ ያንን ምን አደርገዋለሁ?" አሉኝ። ነጣጥዬ አልሸጥም አልኩ። ነጣጥዬ ብሸጥ የስፌት ማሽኑ ግማሽ ብቻ ነው የሚገዛው፣ መሲ ደግሞ በግማሽ ማሽን አትሰፋም።

ጋሽ ከድር ተስፋ አልቆረጡም። አንድ ምክር ሰጡኝ። ገዢ የሚመጣው ድንገት ነው፣ ሞተር ተነሥቶ ሞቅ ብሎ ሲያገኘው ልቡ ይረጋል፣ ቀዝቅዞ የቆመ ዕቃ ግን ይጠረጠራል አሉኝ። እውነት መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ከባድ ከባዱን ጌም መጫወት ያዝኩ። ለሽያጩ ስል ነው። ለመሲም እንደዚያው ነገርኳት። አየት አደረገችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል፤ ሙቀቱንም በማራገቢያ በጀርባው ገፍቶ ያስወጣዋል። ጽሑፍ ስትጽፉበት ምንም አይለው። ጦርነት ወይም የመኪና ውድድር ስትከፍቱበት ግን ከጀርባው ሞቃት ነፋስ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። የሚዛንን ዝናብ ደግሞ የቀመሰው ያውቀዋል። ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ይነሣል፣ ይሰጣል፣ ይነሣል፣ በመጨረሻ እርጥበት እርጥበት እየሸተተ ይለበሳል። ተማሪዎቼ ፊት ስንት ጊዜ ወገቡ ባልደረቀ ሱሪ ቆሜ ስለ በረሃ አስተምሬአለሁ።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። መሲ ሮጣ የእኛንም የእትዬ ማርታንም ልብስ ከገመዱ ላይ ሰብስባ ገባች። ማስቀመጫ ስታጣ የእትዬን ነጠላ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ጣል አደረገችው። እኔ ጦርነት ላይ ነኝ፣ ምንም አላየሁም። እትዬ ማርታ ሊወስዱት ሲመጡ ነጠላው ደርቋል። መድረቅ ብቻ አይደለም፣ ሞቋል። ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ትንሽ ቆዩ።

"መሲ፣ ይሄን በምን አደረግሽው?"

መሲ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሱ ሲጫወት ነው።"

እትዬ ማርታ ለኮምፒውተሩ ፍቅር እንዳልነበራቸው ልንገራችሁ። ቆጣሪያችን አንድ ስለሆነ በክፉ ዓይን ነበር የሚያዩት። በማግስቱ ግን ቦርሳዬን ሳላወርድ በሰፌድ ሙሉ ኮረሪማ ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮረሪማ ፀሐይ ካጣ ይሻግታል፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከጠፋች ሰንብታለች። ሰፌዱን ከማሽኑ ጀርባ አመቻችተው አስቀመጡና "ተጫወትልኝ" አሉኝ።

ምን ልበላችሁ። በትዳር ዘመኔ ሁሉ "አሁንስ አልበዛም?" ሲባል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ደከመኝ ብዬ ልነሣ ስል መሲ "በርታ እንጂ፣ ሸሚዝህ ኮሌታው ገና ነው" ትለኛለች። የተማሪ ፈተና ላርም ብዬ ቀይ እስክሪብቶ ሳነሣ እትዬ ማርታ በመስኮት ብቅ ብለው "እሱ ይደርሳል" ይሉኛል። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም የሚቆጡት እኔን ነው። የምወደው ነገር ሥራ ሆኖብኝ አረፈ። ቤታችንም ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል፣ እኔም እሸታለሁ፤ መምህራን ማረፊያ ስገባ ሰዉ ሻይ ያምረው ጀመር።

ወሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እውነተኛው ገዢ ተገኘ። በረከት ይባላል፤ ቴፒ ላይ ጌም ቤት ሊከፍት ቤት ተከራይቶ የጨረሰ ሰው ነው። በስልክ የጠየቀኝ ሁሉ የሚጠየቀውን ነው። ስለ ካርዱ ጠየቀ፣ ስለ ሞኒተሩ ፍጥነት ጠየቀ። ሊብሬ አልጠየቀም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ በከሰዓቱ ሚኒባስ መጣ፤ ማሽኑን ከፍቼ፣ ሞቅ አድርጌ ጠበቅኩት። በመስታወቱ ጎን ውስጡን አጎንብሶ አየና "ማን ነው የገጣጠመው?" አለ።

ጋሽ ከድር ከኋላው ሆነው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ማንም አልነካውም።"

"ማንም ካልነካው ማን ሠራው?" አለ በረከት ግራ ገብቶት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ጋሽ ከድር ዓይናቸውን ጨፈኑ። በረከት ግን እጄን ጨበጠኝ። "ሽቦውን እንዴት አድርገህ ነው የደበቅከው? ንጹሕ ሥራ ነው" አለኝ። እንደዚያ ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው፤ አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ዋጋውንም ሳንጨቃጨቅ ተስማማን። መሲ በሩ ጋ ቆማ ሜትሯን በጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

ይሄኔ እትዬ ማርታ ገቡ። ኮረሪማቸውን ሊያገላብጡ ነው አመጣጣቸው። ገዢ መኖሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። መሲን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዷት፣ በረንዳው የእሷ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያላቸውን ሁሉ ምስክርነት ሰጡ።

"ልጄ፣ እንደሱ ያለ አታገኝም። ይሞቃል። አሞቃቀሙን ብነግርህ አታምነኝም፤ ከበራ ጀምሮ እየጋለ፣ እየጋለ ነው የሚሄደው። ሲግል ደግሞ ይጮኻል፣ ድምፁ እኔ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ አያሳርፉትም።"

ኮምፒውተር ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? አንዲትን ልጅ ልታጩ ሄዳችሁ አክስቷ "አቤት ስታስል ብትሰማት" ብላ እንደምታመሰግናት ነው። በረከት ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። እትዬ ማርታ ደግሞ አላመነኝም ብለው ሰፌዱን ከማሽኑ ጀርባ አውጥተው አፍንጫው ሥር አስጠጉለት። "እንካ አሽትት። ይሄን ሁሉ ያደረቀው እሱ ነው።"

በረከት በዝግታ ወደ ማሽኑ ጀርባ ሄዶ ፊቱን አስጠጋ። የሚወጣው ነፋስ የቅመም ተራ ይሸታል። በሁለት ጣቱ ከማራገቢያው መካከል የኮረሪማ ልጣጭ መዝዞ አወጣ። ልጣጩን አየና እኔን አየኝ።

"ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ" አለ። "ይሄ ማሽን ምን ሲሠራበት ነው የቆየው?"

አስረዳሁት። አንዳንድ ነገር አለ፣ ባስረዳችሁት ቁጥር የሚብስ። በቀጣዩ ሚኒባስ ወደ ቴፒ ተመለሰ። ጋሽ ከድር ኮታቸውን እያስተካከሉ "ነግሬህ ነበር፣ ገጣጠምኩት አትበል ብዬ" አሉኝና ወጡ።

መሲ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ በስንት ጣዕሙ። ሜትሯን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ድምፅ አላሰማችም፣ ግን ቤታችን ጠባብ ነው። እትዬ ማርታ ሰፌዳቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

"ምን አጠፋሁ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እትዬ፣ ኮምፒውተር ሲሞቅ እንደ በሽታ ነው የሚቆጠረው።"

"ጥሩነቱን እኮ ነው የነገርኩት። ውሸት ተናገርኩ?"

"ኧረ አልተናገሩም።"

ወደ ጓዳው በኩል አዩ። ወጡ፤ ኮረሪማውን እዚያው እኔ ጭን ላይ ትተውት።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ የጸሎት ቤት ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ቁጭም አላሉም። "ለእኔ ሽጥልኝ" አሉ።

"እርስዎ ምን ያደርግልዎታል?"

"የሚያደርግልኝን አይቻለሁ። ማሽን በማሽን ነው። ያኖርኳት ቡና አለች፣ ይቺ ኮረሪማም አለች፤ ሸጬ ለመሲ ማሽኑን እገዛለሁ፣ አንተ ያንተን ወደ እኔ ቤት ታዞራለህ። መሲ፣ ተነሺ፣ ገበያው ሳይሞላ እንሂድ።"

መሲ እኔን አየችኝ፤ ነጠላዋን አቀበልኳት። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ የስፌት ማሽኑን በባጃጅ ጭነው፣ መሲ ግማሽ ሰውነቷ ውጭ ሆኖ ማሽኑን አቅፋ ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸው። ስቃ አታውቅም የተባለች ይመስል ነበር የምትስቀው። እኔም ኮምፒውተሬን አቅፌ ግቢውን ተሻግሬ እትዬ ማርታ ሳሎን አስገባሁት። ሞኒተሩን ሳስቀምጥ ትንሽ ሆዴ ባባ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

"አንድ ነገር ግን አለ" አሉኝ እትዬ ማርታ። "እኔ መጫወት አልችልም።"

እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ኮምፒውተሬን ሸጬ ከነራሴ የሄድኩት። ዝናብ ባለ ቀን ሁሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ማርታ ቤት እገባለሁ። እሳቸው ልብሱንና ኮረሪማውን ያመቻቻሉ፣ ወንበር ስበው ከጎኔ ይቀመጣሉ፣ እኔ አሞቃለሁ። ጦርነቱን አልወደዱትም። አንዱን ስመታው "ይሄ ሰው ምን አደረገህ?" አሉኝ። ጠላት ነው ስላቸው "አነጋግረኸዋል?" አሉ። ወደ መኪና ውድድር ዞርን። እሱም ቢሆን ኩርባ ላይ ስደርስ ክንዴን ይይዙኛል። "እንዲህ እየነዳችሁ ነው በሸኮ መንገድ የምታልቁት" ይሉኛል። ስለዚህ በዝግታ እነዳለሁ፣ ሁልጊዜ የመጨረሻ እወጣለሁ፣ ደግነቱ በዝግታ መንዳትም ያሞቃል።

እየነዳሁ ያወሩኛል። ይሄ የማን አገር ነው፣ እርሻው የታለ፣ ሰዉ ሁሉ የት ሄዶ ነው መንገዱ እንዲህ ባዶ የሆነው። ልጆቻቸው ሐዋሳና አዲስ አበባ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ፣ ኔትወርክ እሺ ካለ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያን ሳሎን ከእንግዳ በቀር የገባበት የለም። ስለ ቆጣሪው አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

መሲ በረንዳው ላይ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ቀሚስ፣ የተቀደደ ጃኬት፣ የማይመጣላት የለም። ያ የሸዋ ቤንች ልብስ ሰፊ እንኳን አንድ ቀን ክር ሊበደራት መጣ። ማታ ማታ የጀርባዋን ድካም እየነገረችኝ ትስቃለች። እኔ ደልቶኛል፣ ሌላ የምላችሁ የለም።

ባለፈው ሳምንት ግን ፀሐይ ወጣች። እንደ ቀልድ ሳይሆን የምር ወጣች። ግቢው ሁሉ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ ሳይቀር ተሰጣበት። ዛሬስ ዕረፍት ነው ብዬ በረንዳው ላይ ከመሲ አጠገብ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ አቀብላታለሁ። ከዚያ ሆኖ የግቢው ቧንቧ ይታያል። እትዬ ማርታ ከቤታቸው ወጡ፤ ተተኩሶ የታጠፈ የትራስ ልብስ ይዘዋል። ግራ ቀኝ አዩ። ቧንቧውን ከፈቱና የትራሱን ልብስ አርጥበው ጨመቁት። ፊታቸውን ወደ በረንዳው ሲያዞሩ እኔ ቁልፎቹን መቁጠር ጀመርኩ።

"የኔ ልጅ" አሉ ከግቢው፣ "አንዲት እርጥብ ነገር አለችብኝ። ሥራ ካልያዝክ።"

የመሲ እግር ፔዳሉ ላይ ቆሟል። እሷም አይታለች። ቁልፎቹን ከእጄ ተቀበለችኝና "ሂድ" አለችኝ።

ሄድኩ። የትራሱን ልብስ ከማሽኑ ጀርባ ዘረጉት፣ ወንበራቸውን ሳቡ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። በመስኮቱ ፀሐይዋ እግራችን ድረስ ገብታለች።

"የትኛውን መንገድ ልክፈት፣ እትዬ?" አልኳቸው።

"ረጅሙን" አሉኝ።